ዘመናዊነቱ ቀረ፦ የድሬዳዋና የሐረር ጉዞ ማስታወሻ

ኅዳር 6፣ 2017 ዓ.ም.፦ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ

ሥራዬ ዲዛይን ነው። ዓርማ፣ የምርት ማሸጊያ፣ የሠርግ ካርድ፣ የመጣውን እሠራለሁ። ስለዚህ ዕረፍት ወጥቼም ዓይኔ ከታፔላና ከዕቃ አይነቀልም። አብሮኝ የተጓዘው የአክስቴ ልጅ ሒሳብ ሠራተኛ ነው። የእሱ ዓይን ደግሞ ከዋጋ አይነቀልም። እዚህ የምጽፋቸው ዋጋዎች በሙሉ ከእሱ ደብተር የተገለበጡ ናቸው፤ ቅሬታ ያለው እሱን ይጠይቅ።

ወደ መናኸሪያ የወሰደን ሚኒባስ በኮንትራት 600 ብር አስከፈለን። ከበሩ በላይ «በሩን እንደ ቤትዎ ፍሪጅ ይዝጉት» የሚል ተለጥፏል። የበሩ እጀታ ግን ድሮ ወልቆ በሽቦ ተተክቷል። ሽቦው በየት በኩል እንደሚሳብ፣ በሩ የት ጋ በጉልበት እንደሚገፋ የሚያውቀው ረዳቱ ብቻ ነው። ማስታወቂያው የተጻፈው ለአንድ ሰው ነው ማለት ነው። እሱም በኃይል ነው የሚዘጋው።

አውቶቡሱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳ። ትኬቱ በሰው 1,250 ብር። ስለ አዳማው ፈጣን መንገድ የምለው የለኝም፤ ጥሩ መንገድ ወሬ አይወጣውም። መተሐራ ላይ ግን ሁሉም ሰው ነቃ። በሰቃ ሐይቅ መንገዱን ከግራና ከቀኝ ይዞታል። ሐይቁ ከዓመት ዓመት እየሰፋ ስለመጣ መንገዱን ከፍ አድርጎ መሥራት ግድ ሆኗል። ከኋላችን የተቀመጡ ሽማግሌ «ድሮ እኛ ነበርን ሐይቁን የምናየው፤ አሁን እሱ ነው መጥቶ የሚያየን» አሉ።

ምሳ አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው የበላነው። የሥጋ ቤቱ ግድግዳ ላይ በቀለም የተሳለ በሬ አለ። ፈገግ ብሏል። ፈገግታው ሳያንስ ከረባት አስሯል። ከስዕሉ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ የበሬ ታፋ ተንጠልጥሏል። የአክስቴ ልጅ ሁለቱን ደጋግሞ አየና «ዘመዱ መሆኑ አልተነገረውም» አለ። እኛ የፍየል ጥብስ አዘዝን፤ ግማሽ ኪሎ 480 ብር። ሙቀቱ ባይሆን ኖሮ አንድ ኪሎ እንል ነበር።

የእጅ መታጠቢያው ደግሞ እንዲህ ነው። የተኛ የመኪና ቸርኬ፣ በላዩ ቢጫ የዘይት ጀሪካን፣ ከታች የተገጠመ ቧንቧ። ሳሙናው መሐሉ ተበስቶ በሲባጎ ታስሯል። «ለሌባ ነው?» አልኩት አስተናጋጁን። «አይ፣ ለቁራ ነው» አለኝ። ቁራ ሳሙና ይዞ እንደሚበር የተማርኩት አዋሽ ላይ ነው። ስንት የሆቴል መታጠቢያ አይቻለሁ፤ ሳሙናው የሚያንሸራትት፣ ቧንቧው ውሃውን ሱሪ ላይ የሚረጭ። እዚህ አንድም ጠብታ አልነካኝም።

ከአሰበ ተፈሪ አልፈን ሂርና ሳንደርስ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ረዳቱ ገና አውቶቡሱ ሳይቆም ዘሎ ወርዶ ታኮ አደረገ። ከዚያ ከመንገድ ዳር ቅጠል ቆርጦ ከኋላም ከፊትም በየሠላሳ እርምጃው እየጣለ ሄደ። አገራችን ውስጥ መንገድ ላይ ቅጠል ያየ ሾፌር ሁሉ ፍጥነት ይቀንሳል። መንጃ ፈቃድ ያላወጣውም ያውቃል። ቀዩ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክትስ? እሱማ አለ። ጎማ ሲፈታ አየሁት፤ ከነማሸጊያው ዕቃ መጫኛው ውስጥ ተቀምጧል። «ይሄ ለትራፊክ ፖሊስ የሚታይ ነው» አለ ረዳቱ። አንዷ ተሳፋሪ ቅጠሉን ከመስኮት አየችና «ጫት እንዳይሆን ብቻ» አለች። ረዳቱ ቀና ሳይል «ጫት ቢሆን መቼ ቀስ ይሉ ነበር፣ ይቆሙ ነበር እንጂ» አላት።

እኛ አገር ሸዋ ገጠር ውስጥ ጠላ የሚሸጥበት ቤት ደጅ ላይ ጣሳ በእንጨት ተሰክቶ ይቆማል። አንድም ፊደል የለበትም፤ የተሳሳተ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም። ጎማው እስኪቀየር ሳስብ የቆየሁት ይህንኑ ነው። እኔ አንድ ዓርማ ለማጽደቅ ስብሰባ ተጠርቶ፣ ሦስት አለቃ አስተያየት ሰጥቶ፣ በመጨረሻ «ትንሽ ደመቅ ቢል» ተብሎ ነው የሚመለስልኝ። ቅጠሉን ማን አጸደቀው?

ጨለንቆንና ቁልቢን በምሽት አለፍን። ከደንገጎ ወደ ታች ያለው ጠመዝማዛ ሲያልቅ የድሬዳዋ ሙቀት በመስኮት ገባ።

ኅዳር 7፦ ድሬዳዋ፣ ስለ ሶኬትና ስለ ፊደል

ያረፍንበትን ሆቴል ስም አልጠቅስም። አልጋው ንጹሕ ነው፣ ሠራተኞቹ ጨዋ ናቸው፣ ለሁለት ሰው 1,400 ብር ነው። ክፍሉን የነደፈው ሰው ግን አድሮበት አያውቅም። የሻወር ቤቱ ማብሪያ ማጥፊያ ከክፍሉ ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ሳሙና ተቀብቶ ሳለ አላፊ አግዳሚ ሁለት ጊዜ አጠፋበት። ሁለተኛው ላይ የሰማሁትን ቃል እዚህ አልጽፈውም። ብቸኛው ሶኬት ደግሞ ጣሪያው ሥር ነው። ለቴሌቪዥን ታስቦ ነው፤ ቴሌቪዥኑ የለም።

ጽዳት የምትሠራው ልጅ ስልኬን ይዤ ወደ ላይ ሳፈጥ አየችኝና ሳቀች። ወጥታ አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ይዛ ተመለሰች። ወገቡ ላይ ተቆርጧል፤ በአንድ በኩል ግን ጀርባው ረዘም ብሎ ቀርቷል፤ እዚያ ላይ የቻርጀር ልክ ቀዳዳ አለው። ወንበር ላይ ወጥታ በቻርጀሩ አንጠለጠለችው፤ ስልኩ ውስጡ ተቀመጠ። «ለሁሉም ክፍል ሠርቻለሁ» አለች። ማን እንዳሳያት ጠየቅኋት። «ሶኬቱ ነዋ!»

ጠዋት ከዚራ የሚባለውን ሰፈር በእግር ዞርን። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ መጀመሪያ ወደ ሐረር እንዲሄድ ታስቦ ነበር። ተራራው አስቸገረና እ.ኤ.አ. በ1902 ሜዳው ላይ ቀረ። ከተማዋም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። የከዚራ መንገዶች ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ዛፎቹ ከዳርና ከዳር ተገናኝተው ጥላ ሠርተዋል። እዚህ ሙቀት ውስጥ ከዛፉ የበለጠ ዲዛይን አላየሁም። አዲስ አበባ ብንሆን አንዱ ተነስቶ ዛፉ ታፔላዬን ጋረደው ይል ነበር።

ወደ ቀፊራ ገበያ ስንወርድ ከአንድ ዛፍ ሥር ቆርቆሮ ላይ የሚጽፉ ሰው አገኘን። ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ ይመስለኛል። ብሩሻቸው ሦስት ነው፤ አንዱ የፀጉሩ ብዛት በጣት ይቆጠራል። ሰላም ብለን አጠገባቸው ተቀመጥን።

«ጋሼ፣ ስንት ነው የሚያስከፍሉት?»

«በፊደል ነው። ትንሹ 50 ብር፣ ትልቁ 80።»

የአክስቴ ልጅ ደብተሩን አወጣ። ለጠና ለጨ ተጨማሪ ይከፈል እንደሆነ ጠየቀ፤ ሦስት እግር አላቸውና።

«አቦ አታካብድ!» አሉት። «እግር እየቆጠርኩ ባስከፍል ጫማ ሰፊ እሆን ነበር።»

በፊደል መክፈል የራሱ ጣጣ አለው። ደንበኛ መከራከር የሚጀምረው ከቃላቱ ነው። «እና» የምትለዋ ትወጣለች፤ «የ» ትጎርዳለች። በቅርቡ አንድ ጎረምሳ መጥቶ «ዘመናዊ የወንዶች ፀጉር ቤት» ብለው እንዲጽፉለት አዘዘ። ተሰላ። ብሩ አልደረሰም። ምን ይቀነስ ተባለ። «ዘመናዊ» አራት ፊደል ነው። «ብር አነሰውና ዘመናዊነቱ ቀረ» አሉን ብሩሻቸውን እየጠረጉ። «ገንዘብ ሲያገኝ እንዲያስገባት ብዬ ቦታዋን ባዶ ትቼለታለሁ።» ከሰዓት በኋላ ሄደን ፀጉር ቤቱን አየነው። እውነት ነው፤ «የወንዶች ፀጉር ቤት» ከሚለው በፊት ያለው ቦታ ባዶ ነው። ከአጠገቡ የተሳለው ጭንቅላት ደግሞ ዓይኖቹ ወደ ባዶው ቦታ ያያሉ። የአክስቴ ልጅ ገብቶ ተስተካከለ፤ 150 ብር። ጥሩ ነው የቆረጠው፤ ዘመናዊም ነው።

ታፔላ ላይ የመጨረሻዎቹ ፊደላት ለምን እንደሚታፈጉም ነገሩን። ሰው ሠዓሊው ቦታ መለካት አይችልም ብሎ ይስቃል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ባለቤቱ መጥቶ «ስልክ ቁጥሬንም ጣል አድርግበት» ይላል። እሳቸው ከመጻፋቸው በፊት ክር በከሰል አሽተው፣ ወጥረው፣ ቆርቆሮው ላይ ያጮሁታል። ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል። ኮምፒውተር ላይ ይህንኑ ለማድረግ ስንት ጊዜ እጄ እንደሚመላለስ ሳስብ ዝም አልኩ።

ባነር ገበያቸውን እንደወሰደው አልደበቁም። ግን አልከፉም። በብሩሻቸው ጫፍ ማዶ ያለ ባነር አሳዩን። የአንድ ጥርስ ክሊኒክ ነው። ፈገግ ያለችው ሴትዮ ፊቷም ጥርሷም ሰማያዊ ሆኗል። የኅትመት ቀለም ፀሐይ ላይ ሲውል ቀዩና ቢጫው ቀድመው ይጠፋሉ፤ የሚቀረው ሰማያዊው ነው። ይህን እኔም ከሥራዬ አውቀዋለሁ። እሳቸው ግን «የድሬ ፀሐይ ጥርስ የምትነቅለው በነፃ ነው» ብለው ጨረሱት። የዘይት ቀለም የተቀባ ታፔላቸው ከጎኑ አለ፤ ቀዩ አሁንም ቀይ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ኮሪደር ልማቱ ባለፈበት መንገድ ታፔላው ልኩ አንድ፣ ግድግዳው ቀለሙ አንድ ሆኗል። ንጹሕ ነው፣ አልክድም። እኔም ከዚያ ሥራ ላይ እንጀራ በልቻለሁ። ግን አንድም ሰው ቆሞ ሲስቅበት አላየሁም።

ኅዳር 8፦ ድሬዳዋ፣ የባጃጅ ቀን

ቁርስ ፈጢራ፣ በእንቁላልና በማር፣ 160 ብር። ለሁለት ይበቃል ተብለን ነበር። አልበቃንም።

ድሬዳዋ በባጃጅ ነው የምትኖረው። ባጃጁ ከህንድ ሲመጣ የሾፌሩ መቀመጫ ለአንድ ሰው የታሰበ ነው። እዚህ ሾፌሩ መሐል ይሆንና በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ ሰው በግማሽ ጎኑ ይቀመጣል። የኛው ባጃጅ ጣሪያው ላይ የወርቃማ ክር ዘርፍ፣ ከፊት ትንሽ ማራገቢያ፣ ከመስታወቱ በላይ አርቴፊሻል አበባ ነበረው። ማራገቢያው ወደ ሾፌሩ ብቻ ዞሯል። ለምን ወደ ተሳፋሪ አይዞርም ብንለው «እናንተ ትወርዳላችሁ፣ እኔ አልወርድም» አለን። መልስ የለውም።

የድሮው ባቡር ጣቢያ ደጅ ላይ ከቆሙ የቀድሞ ሠራተኛ ጋር ተጨዋወትን። ሰላምታቸው «ሳ ቫ?» ነው፤ ያንን ሲሉ አንገታቸው ይቀናል። ከዚያ ቀጥታ ወደ ኦሮምኛ፣ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ ይሄዳሉ። አዲሱ ባቡር ጣቢያ ከከተማ ውጭ ነው። «ድሮ ባቡሩ ከተማ ይዞልን መጣ፤ የአሁኑ ለባቡሩ ባጃጅ ያስፈልገዋል» አሉን።

ከቀትር በኋላ ያለውን አልጽፈውም። ከተማው በርጫ ላይ ነው፣ ጫት ይቅማል፤ እኛ ተኛን።

ኅዳር 9፦ ሐረር

ሚኒባስ በሰው 120 ብር። ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። አየሩ እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ ሐረር ስትወርዱ ሹራብ ያስመኛል።

ከሚኒባሱ ስወርድ ሱሪዬ የወንበሩ ብረት ላይ ተያዘና ከኋላ ተቀደደ። ትንሽ ቀዳዳ አይደለም። የአክስቴ ልጅ ከኋላዬ ተጠግቶ እየሄደ፣ እንደ ሁለት ሌቦች ፈረስ መጋላን አቋርጠን መኪና ግርግር ገባን። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው ይባላል። ጠባብ መንገድ ነው። በአንዱ በኩል ጨርቅ ይሸጣል፤ ሰፊዎቹ መኪናቸውን ዘርግተው ደጁ ላይ ተቀምጠዋል። ጨርቅ ገዝተሽ ሦስት እርምጃ ሳትሄጂ ልብስ ሆኖ ይሰጥሻል።

አንዱ ሰፊ ሱሪዬን አየና ምንም አልጠየቀም። ሽርጥ ወረወረልኝ። ሽርጡን አገልድሜ ሱሪዬን አወለቅሁና ከጎኑ ተቀመጥሁ። በዚያ መንገድ ያለፈች ሴት ሁሉ አየችኝ፤ ግማሾቹ ሳቁ፤ አንዷ «ማሻአላህ፣ ሐረሬ ሆነሃል» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ሽርጡ ተስማምቶኛል። አዝራር የለው፣ ዚፕ የለው፣ ወፈርክ ከሳህ አይልም። ሰውየው በእግሩ እየረገጠ ሰፍቶ ሲጨርስ የከሰል ካውያውን አነሳ። ውሃ የሚረጨው ክዳኑ በሚስማር በተበሳ ጠርሙስ ነው። ሥራው 80 ብር። ስፌቱ ከፋብሪካው ይበልጣል።

ከዚያ ወደ ሥጋ ተራው ወረድን። ግድር መጋላ ላይ ጭላቶች ከሰማይ ይዞራሉ፤ ሥጋ ከእጅ ይነጥቃሉ። ሴቶቹ ሥጋቸውን በጨርቅ ሸፍነው በብብታቸው ይዘው ነው የሚያልፉት። የአክስቴ ልጅ ሳምቡሳ እየበላ ነበር። ክንፍ ፊቱን ነካው፤ ሳምቡሳው የለም። 15 ብር። ደብተሩ ላይ በየትኛው ወጪ እንደሚያስገባው ሲጨነቅ ዋለ። ሻጯ ሳቋን ስትጨርስ ሌላ ሰጠችው፤ ይህኛውን ግን ጣሪያ ሥር ቁጭ ብለህ ብላ አለችው።

ኅዳር 10፦ ጀጎል ውስጥ

ያደርንበት ቤት የሐረሪ ቤት ነው፤ በሰው 700 ብር ከነቁርሱ። እንግዳ ከሆነ ሰው ጫማውን ደጅ አውልቆ ሲገባ አንድ ነገር ይገርመዋል፤ ወንበር የለም። ቤቱ ራሱ ወንበር ነው። ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉ፤ ነደባ ይሏቸዋል። አምስት ናቸው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። የቤቱ አባወራ የሚቀመጥበት ከበሩ ትይዩ ነው፤ የሚገባው ሰው እሱን ሳያየው እሱ ያየዋል። መደቡ ቀይ ነው። ቀለሙን በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው የሚሉ አሉ። እናታችን የምንላቸው የቤቱ ባለቤት ይህን ሲነግሩን አልሳቁም፤ እኛም ዝም አልን።

ከዚያ የአክስቴ ልጅ ከእኔ በሁለት ወር እንደሚበልጥ ሰሙና ከፍ ያለው ላይ አስቀመጡት። እስካሁን ድረስ አልወረደም ማለት ይቻላል።

«የአባወራው ቦታ ላይስ አሁን ማን ይቀመጣል፣ እናቴ?» አልኳቸው።

«የልጄ ልጅ ነዋ! ዋይፋዩ እዚያ ይሻላል ይላል።»

ግድግዳው በሰፌድና በሳህን ተሞልቷል። ለጌጥ መስሎኝ አንዱን ትንሽ ሰፌድ ለማየት እጄን ስዘረጋ «ቦታው ላይ መልሰው ልጄ» አሉኝ። እያንዳንዱ የሚሰቀልበት ቦታ አለው፤ አንዱ ከጎደለ ከበር ሆነው ያውቃሉ። ቁም ሳጥን የለ፣ መደርደሪያ የለ፤ ቤቱ ግን አንድም የተዝረከረከ ዕቃ የለበትም። ጎን ላይ ትንሽ ክፍል አለች። ድሮ ሙሽሮች የሚገቡባት ናት፤ ምግብ በትንሽ መስኮት ይቀበሉ ነበር። የአክስቴ ልጅ ክፍሏን ለክቶ «ተጣልተው ቢሆንስ?» አለ። «ስለዚህ ነው ጠባብ የሆነችው» አሉት።

ከበሩ በላይ ምንጣፍ የሚጠቀለልበት እንጨት አለ። ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከተሰቀለ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ቤት ውስጥ አለች ማለት ነው። ያላገባው የአክስቴ ልጅ ቀና ብሎ አየ። እንጨቱ ባዶ ነው። እናታችን ዓይኑን ተከትለው «ዘገየህ ልጄ፣ አግብታለች» አሉት። ቁርሱ ዳቦ፣ ማርና በወተት የተፈላ ሆጃ ነበር። ሁለት ሁለት ስኒ ጠጣን።

ከሰዓት በኋላ የድሮዋን ሐረር የከበበውን የጀጎል ግንብ ዞርን። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ነው ይባላል። አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ ስድስተኛው በኋላ የተከፈተ ነው። ከበሮቹ ይልቅ እኔን የያዙኝ ከግንቡ ሥር ያሉት ቀዳዳዎች ናቸው። የጅብ ናቸው። ጠላት እንዳይገባ ይህን የሚያህል ግንብ ተገንብቶ፣ ለጅብ ግን መግቢያ ተትቶለታል። ሌሊት ይገባል፣ ቆሻሻውን ይጠርጋል፣ ይወጣል። ቀዳዳው ጅብ ያስገባል፤ ፈረሰኛ አያስገባም። የአክስቴ ልጅ ደሞዝ የማይከፈለው የጽዳት ሠራተኛ ብሎ መዘገበው። ማታ ጅብ ሲመገብ አየን፤ ለአገር ሰው 200 ብር። ሥጋውን በእንጨት በአፌ ያዝ ተባልኩ። ያዝኩ። ትንፋሹ ይሸታል፤ ግን ጨዋ ነው፤ ከሚኒባስ ተሳፋሪ በተሻለ ተራውን ይጠብቃል።

ኅዳር 11፦ መመለሻ

ጎማ አልፈነዳም። ሐረማያም ጨለንቆም ያለ ወሬ አለፉ። አንድ ነገር ብቻ።

ገና ከሐረር እንደወጣን፣ አወዳይ ላይ አንድ ጎልማሳ ተሳፈረ። በእርጥብ ጨርቅ በጥንቃቄ የተጠቀለለ ነገር አቅፏል። አልጋ ላይ እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ ብሎ ጭኑ ላይ አስተካከለው፤ የጨርቁን ጫፍ ገለጥ አድርጎ አየና መልሶ ሸፈነ። የአክስቴ ልጅ ልቡ ራራ። ተነስቶ ቦታውን ለቀቀለት፣ «ለሕፃኑ ብርድ እንዳይመታው» ብሎም መስኮቱን ዘጋ።

ሰውየው ደነገጠ። «አቦ ክፈተው እንጂ! ሙቀት ከነካው አዋሽ ሳንደርስ ዋጋው በግማሽ ይወርዳል!»